የደመወዝ ግብር ቅናሹ እጇ እንዲገባ፦ ኮምቦልቻና ደሴ የፋብሪካ ሠራተኛን ለሚያግዙ ሰዎች

አሜሪካ ያለ ዘመድ ደውሎ «የታክስ ተመላሽ ገባልኝ» ሲል የሰማ ሰው እዚህም እንዲያ ያለ ነገር ያለ ይመስለዋል። የለም። እዚያ አገር ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ ልጆቹ ተቆጥረውለት፣ ዓመቱ ሲያልቅ ራሱ ፎርም ሞልቶ የሚጠይቀው ገንዘብ አለ። በእኛ ሕግ ግን አምስት ልጅ የምታሳድግ እናትና አንድ ላጤ ጎረምሳ ደመወዛቸው እኩል ከሆነ ግብራቸውም እኩል ነው። ለአነስተኛ ደመወዝተኛ የተደረገው እፎይታ ግብሩ የሚሰላበት ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚሰጠውም በየወሩ በአሠሪው ደመወዝ ክፍል በኩል ነው። ደመወዝ ክፍሉ በትክክል ካሰላ ሠራተኛዋ ምንም ሳትጠይቅ ታገኘዋለች። ከተሳሳተ ደግሞ ማንም ደውሎ አይነግራትም።

ስለዚህ ማገዝ ማለት በዋናነት የደመወዝ ወረቀት ማንበብ ነው። ከካሉ፣ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬ ወይም ከአልብኮ መጥታ ኮምቦልቻ ላይ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትሠራ ልጅ ባንክ የገባላትን ብር እንጂ ከዚያ በፊት የተቆረጠውን የምታይበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ፣ የዕድሩ ሒሳብ ያዥ ወይም ከቤተሰቡ ሒሳብ የሚያውቅ አንድ ሰው በወር ሃያ ደቂቃ ቢሰጣት ይበቃል።

መጀመሪያ ሠንጠረዡ

የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የደመወዝ ግብርን ቀይሯል። ቀድሞ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ገቢ 600 ብር ብቻ ነበር፤ አሁን 2,000 ብር ሆኗል። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ያዙት፦

እስከ 2,000 ብር፦ ግብር የለም
ከ2,001 እስከ 4,000፦ 15 በመቶ፣ ተቀናሽ 300
ከ4,001 እስከ 7,000፦ 20 በመቶ፣ ተቀናሽ 500
ከ7,001 እስከ 10,000፦ 25 በመቶ፣ ተቀናሽ 850
ከ10,001 እስከ 14,000፦ 30 በመቶ፣ ተቀናሽ 1,350
ከ14,000 በላይ፦ 35 በመቶ፣ ተቀናሽ 2,050

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የወሩን ግብር የሚከፈልበት ገቢ በሙሉ ደምሩ፣ በየትኛው መስመር እንደሚያርፍ እዩ፣ በመቶኛው አባዙና «ተቀናሽ» የተባለውን ቀንሱ። ተቀናሹ ስጦታ አይደለም፤ የታችኛው ገንዘብ በታችኛው መጣኔ እንዲሰላ የሚያደርግ የሒሳብ ማስተካከያ ነው። እሱን መርሳት ማለት ነፃ የሆነውን 2,000 ብር ጭምር ግብር ማስከፈል ማለት ነው።

«ትርፍ ሰዓት ብሠራ ግብሩ ይበላብኛል» የሚል ወሬ ሠራተኛው ዘንድ በጣም ተስፋፍቷል። ሐሰት ነው። 4,000 ብር የምታገኝ ሠራተኛ ግብሯ 300 ብር ነው። 4,100 ብታገኝ 20 በመቶው 820፣ ከዚያ ላይ 500 ሲቀነስ 320 ይሆናል። የተጨመረው 100 ብር ላይ 20 ብር ተቆረጠ፣ 80ው እጇ ገባ። መስመር መሻገር የተጣራ ደመወዝን የሚቀንስበት አንድም ቦታ የለም። ቀነሰ ከተባለ ስሌቱ ተሳስቷል።

አንድ ወር ተሰልቶ ሲታይ

መነሻ ደመወዟ 2,600 ብር የሆነ የስፌት ሠራተኛ እንውሰድ። የሳምንቱ መደበኛ ሥራ 48 ሰዓት ነው፤ በዓመት 52 ሳምንት አባዝታችሁ ለ12 ወር ስታካፍሉት በወር 208 ሰዓት ይመጣል። 2,600 ለ208 ሲካፈል የሰዓቷ ዋጋ 12.50 ብር ነው። በዚያ ወር 16 ሰዓት ማታ ማታ አመሸች፤ አንድ እሑድ ደግሞ 8 ሰዓት ገባች።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ደግሞ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5። እንግዲህ 16 ሰዓቱ በ18.75 ሲባዛ 300 ብር፣ የእሑዱ 8 ሰዓት በ25 ሲባዛ 200 ብር። ትርፍ ሰዓትም ግብር የሚከፈልበት ገቢ ስለሆነ የወሩ ድምር 3,100 ብር ሆነ።

የ3,100 ብር 15 በመቶ 465 ነው። 300 ሲቀነስ ግብሩ 165 ብር። ጡረታ ከመነሻ ደመወዟ 7 በመቶ፣ ማለትም 182 ብር። ሌላ የሚቆረጥ ከሌለ ባንክ መግባት ያለበት 2,753 ብር ነው።

አሁን ወረቀቷ ላይ ያለውን ግብር ከ165 ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ ራሱ ስሕተቱን ይናገራል።

465 ከሆነ ተቀናሹ ተረስቷል። በዚህ አያያዝ ዓመቱን ሙሉ ከቀጠለ 3,600 ብር ይሄድባታል፤ ያ ደግሞ ከአንድ ወር መነሻ ደመወዟ ይበልጣል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ትንንሽ ድርጅቶች ዘንድ ነው፤ ሒሳቡን በእጅ ወይም በኤክሴል የሚሠራው ሰው መቶኛውን ብቻ ከሰው ሰምቶ ሲሠራበት።

322.50 ከሆነ የድሮው ሠንጠረዥ ነው። በድሮው ከ1,651 እስከ 3,200 ያለው በ15 በመቶ ተባዝቶ 142.50 ነበር የሚቀነሰው። የደመወዝ ሶፍትዌሩ አልታደሰም ወይም የኤክሴሉ ቀመር አልተነካም ማለት ነው። በወር 157.50 ብር ትርፍ ተቆርጦባታል። ሠራተኛዋ ጥፋቱን የማታየው መቶኛው በድሮውም በአዲሱም 15 ስለሆነ ነው፤ የተለየው ተቀናሹ ብቻ ነው።

137.70 ከሆነ መጀመሪያ ጡረታውን ቀንሰው፣ ከቀረው ላይ ነው ግብር ያሰሉት። ለሠራተኛዋ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ግብር የሚሰላው ጡረታ ከመቀነሱ በፊት ባለው ገቢ ላይ ነው። ኦዲት ሲመጣ ልዩነቱ ተመልሶ ሊጠየቅ ስለሚችል «ዝም በዪ» ብላችሁ አትምከሯት።

ጡረታው ላይ 182 በሚገኝበት ቦታ 217 ካያችሁ ደግሞ 7 በመቶውን ትርፍ ሰዓት ከተደመረበት 3,100 ላይ ቆርጠዋል ማለት ነው። ጡረታ የሚሰላው በመነሻ ደመወዝ ነው። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ እዚህ ምሳሌ ላይ 286 ብር፣ ከራሱ ኪስ ይጨምራል። የአሠሪው 11 በመቶ ከሠራተኛዋ ደመወዝ ላይ ተቆርጦ ከተገኘ ወይም 18 በመቶው በሙሉ በእሷ ላይ ከተጫነ፣ ስሕተት ብለን የምናልፈው አይደለም፤ ያኔውኑ በጽሑፍ መጠየቅ ያለበት ነው።

ምን ይደመራል፣ ምን አይደመርም

ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የቀሪ አለመሆን ጉርሻ፣ የምርት ቦነስ፣ በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ የምሳ አበል ከደመወዙ ጋር ተደምረው ግብር ይከፈልባቸዋል። ፋብሪካው ራሱ አብስሎ በነፃ የሚያበላው ምግብ ግን አይደመርም፤ ሕጉ በማዕድን፣ በማኑፋክቸሪንግና በግብርና ለተሰማሩ አሠሪዎች ይህን ነፃ አድርጎታል። አሠሪው የሸፈነው የሕክምና ወጪም እንዲሁ ነፃ ነው። የትራንስፖርት አበል በመመሪያ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ነፃ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ይደመራል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ለብቻው በራሱ መስመር መጻፉን አረጋግጡ። ከመነሻ ደመወዝ ጋር ተደባልቆ የተጻፈ የትራንስፖርት አበል ነፃነቱን ያጣል፣ ከዚያም አልፎ ጡረታ ይቆረጥበታል።

የበዓል ቀን ጉዳይ ወሎ ላይ ለየት ያለ መልክ አለው። ለዓረፋና ለመውሊድ ክርስቲያኗ በሙስሊሟ ጓደኛዋ ቦታ ትገባለች፣ ለጥምቀትና ለመስቀል ደግሞ በተራዋ ሙስሊሟ ትተካታለች። መልካም ነው፤ ግን አንዳንድ ፈረቃ ኃላፊ «በዓሉ ያንቺ አይደለም» ብሎ ቀኑን እንደ ተራ ቀን ያስመዘግባል። በሕግ የታወቀ የሕዝብ በዓል ለሁሉም ሠራተኛ በዓል ነው፣ ሃይማኖቷ አይጠየቅም። የተለዋወጡ ከሆነ ሁለቱም ስማቸው በትክክለኛው ቀን መመዝገቡን በዚያው ሳምንት ይዩ። ወሩ ካለፈ በኋላ የፈረቃ መዝገብ ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

ሁለት ቦታ የምትሠራ፣ ለምሳሌ ቀን ፋብሪካ፣ ቅዳሜና እሑድ ደሴ ሆቴል የምትገባ ሠራተኛ ካለች፣ ነፃው 2,000 ብር የሚቆጠርላት አንዴ ብቻ ነው። በሕጉ ገቢዎቹ ተደምረው ነው ግብሩ የሚሰላው። ሁለቱ አሠሪዎች በየፊናቸው 2,000 ነፃ እያደረጉ ከሆነ ዛሬ ደስ ይላል፣ ነገ ግን የልዩነቱ ባለዕዳ እሷ ናት። ቀድማ ለአንደኛው አሠሪ ታሳውቅ።

በኤጀንሲ በኩል የተቀጠሩ ጥበቃዎችና ጽዳት ሠራተኞች ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት ለሚሠሩበት ፋብሪካ ሳይሆን ደመወዝ ለሚከፍላቸው ኤጀንሲ ነው። የተሳሳተ በር ላይ ሁለት ወር ማባከን የተለመደ ነው።

የሐምሌ 2017 ደመወዝ

የውጭ ባለሀብት የያዛቸው ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ ወር ይከፍላሉ። ሐምሌ 1 የዋለው በፈረንጆቹ ሐምሌ 8 ቀን ነው፤ ስለዚህ ያ ወር ሁለት ሠንጠረዥ የተገናኙበት ወር ነበር። አዋጁም በምክር ቤት የጸደቀው ሐምሌ ከገባ በኋላ በመሆኑ፣ ደመወዙን ቀድሞ ያዘጋጀ ክፍል በድሮው ቆርጦ ሊሆን ይችላል። የዚያን ወርና የተከታዩን ወር ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ «ማስተካከያ» የሚል መስመር መኖሩን ፈልጉ። 3,000 ብር የሚያገኝ ሰው በድሮው 307.50፣ በአዲሱ 150 ብር ነው የሚቆረጥበት፤ ልዩነቱ 157.50። 8,000 ለሚያገኘው ፎርማን ልዩነቱ 295 ብር ነው።

ወረቀቶቹን ማሰባሰብ

ሠራተኛዋ ስትመጣ የሥራ ውሏን፣ ቢያንስ የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ ደመወዝ የገባበትን የባንክ መልእክት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯን (ቲን፣ 10 አሃዝ ነው)፣ የጡረታ መለያ ቁጥሯንና ፋይዳዋን ይዛ ትምጣ። የደመወዝ ወረቀት አልሰጡኝም ካለች ይህ ራሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ አሠሪው ጥቅል ደመወዝን፣ ከላዩ የተቆረጠውን እያንዳንዱንና የተጣራውን የሚያሳይ የክፍያ መዝገብ መያዝና ሠራተኛው ሲጠይቅም ማስረዳት አለበት። ወረቀት የሌለበት ቦታ ፔይሮሉ (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) ላይ ስትፈርም የራሷን መስመር በስልኳ ፎቶ ታንሳ። የሌሎችን ስም ግን አታንሳ፤ በዚህ ሰበብ ጠብ ይነሳል።

አንዲት ትንሽ ደብተርም ያስፈልጋታል። ቀን፣ የገባችበት ሰዓት፣ የወጣችበት ሰዓት፣ የፈረቃ ኃላፊው ስም። በቃ። ትርፍ ሰዓት ላይ ክርክር ሲነሳ «ብዙ ሠርቻለሁ» የሚል ቃልና በየቀኑ የተጻፈ ደብተር እኩል አይታዩም።

ሳትለዩ የማታልፉት ሌላው ነገር የስም አጻጻፍ ነው። ሰይድ፣ ሰዒድና ሠኢድ፤ ሀዋና ሐዋ፤ ሙሐመድ፣ ሙሀመድና መሐመድ፤ የወሎ ስሞች በአማርኛ ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋሉ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ ይብስባቸዋል። ቲኑ በአንዱ፣ የጡረታው በሌላው፣ ፋይዳው በሦስተኛው አጻጻፍ ከሆነ የተቆረጠው ገንዘብ በሌላ ሰው ስም የተቀመጠ ያህል ነው። አሁን በሥራ ላይ እያለች በማመልከቻ የሚስተካከለው ከሃያ ዓመት በኋላ ምስክር ቆጠራ ይጠይቃል። ፋይዳው ላይ ያለውን አጻጻፍ መነሻ አድርጋችሁ ሌሎቹን ወደ እሱ አምጧቸው።

እንዴት ይጠየቃል

በመጀመሪያ በቃል፣ በሰላም። ደመወዝ ክፍል ያለውን ሰው «ወንድሜ፣ ይቺ ቁጥር እንዴት እንደመጣች ታሳየኝ?» ማለት «በላችሁኝ» ከማለት ይሻላል፤ አብዛኛው ስሕተት የቀመር ስሕተት ነውና ቀመሩን የሚያስተካክለው ያው ሰው ነው። ስሌታችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። ስሕተቱ ሠንጠረዡ ላይ ከሆነ የሁሉም ሠራተኛ ስሕተት ስለሆነ አንዷን ብቻዋን አትላኳት፤ አምስት ስድስት ሆነው ወይም በማኅበራቸው በኩል ይጠይቁ።

በሳምንት ውስጥ መልስ ካልተገኘ ጽሑፍ ይከተላል። ረጅም መሆን የለበትም፦

«ለ(ድርጅቱ ስም) የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ኮምቦልቻ። ጉዳዩ፦ የደመወዝ ግብር ስሌት እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ። በጥቅምት ወር ጠቅላላ ገቢዬ 3,100 ብር ሆኖ 322.50 ብር ግብር ተቆርጦብኛል። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት መቆረጥ የነበረበት 165 ብር ነው። ትርፍ የተቆረጠው 157.50 ብር በሚቀጥለው ደመወዜ እንዲመለስልኝ፣ ያለፉት ወራትም እንዲጣሩልኝ እጠይቃለሁ። የስሌት ወረቀትና የደመወዝ ወረቀት ኮፒ አያይዣለሁ።» ቀን፣ ስም፣ ፊርማ፣ የመታወቂያ ቁጥር።

ሁለት ኮፒ አድርጉት። አንዱ እዚያ ይቀር፣ ሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ያሳርፍበት፤ ማኅተም እምቢ ካሉ የተቀባዩ ስም፣ ፊርማና ቀን ይበቃል። ፊርማ የሌለበት ደብዳቤ ከተፈለገበት ቀን ጀምሮ «አልደረሰንም» ይባላል።

ጊዜው ወሳኝ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ መጠየቅ አይቻልም ማለት ነው። «ለፋሲካ ስመለስ እጠይቃለሁ» እያለች ከመስከረም የጀመረ ቅሬታ የምታቆይ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ወራት ልታጣ ትችላለች። አንድ ወር ከታየ ያን ወር ወዲያው ጠይቁ፤ ሌላው ሲጣራ ይጨመራል።

ደብዳቤውም ካልሠራ መንገዱ ሁለት ነው፣ ባታደባልቁት ይሻላል። ትርፍ ሰዓት አለመከፈል፣ ያለ ሕግ የተቆረጠ ቅጣት፣ ደመወዝ ማዘግየት ለከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል፤ እዚያ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪና አስማሚ አለ። ከደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ እንደሌለበትም እዚያው ይነሳል። የተቆረጠው ግብር ልክ አለመሆኑ ወይም ተቆርጦ ለመንግሥት አለመግባቱ ግን የገቢዎች ጉዳይ ነው። አሠሪው የቆረጠውን የደመወዝ ግብር ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ አሳውቆ መክፈል አለበት። እንደ ድርጅቱ ዓይነት የሚመለከተው የፌዴራል ወይም የክልሉ ገቢዎች ስለሆነ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አሠሪው ግብሩን ለየትኛው እንደሚያስገባ ጠይቁ። ቲኗን ይዛችሁ ስትሄዱ በስሟ የተመዘገበውን ጠይቃችሁ ከደመወዝ ወረቀቷ ጋር አስተያዩት።

ሥራ ስትለቅ

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወጥታ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ደመወዟን ተቀብላ ትጠፋለች። ያላለቀ የዓመት ፈቃድ ክፍያና የመጨረሻው ወር ደመወዝ በአንድ ላይ ሲከፈሉ ድምሩ ወደ ላይኛው መስመር ዘልሎ ግብሩ የበዛ ይመስላታል። የደመወዝ ግብር በየወሩ የሚሰላ ስለሆነ፣ ውስጡ ያለፉ ወራት ውዝፍ ካለ የትኛው ገንዘብ የትኛው ወር እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍላት ብላችሁ ጠይቁ።

የሥራ ልምድ ማስረጃዋን፣ የጡረታ ቁጥሯንና የመጨረሻዎቹን ወራት የደመወዝ ወረቀቶች ይዛ ትውጣ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ወረቀቱ በአሠሪው ዘንድ ብቻ የነበረ ሰው ያገለገለበትን ዘመን ማስረዳት ከባድ ይሆንበታል። ዋናው ወላጆቿ ቤት ይቀመጥ፣ ፎቶው በስልኳና በአንድ የምታምነው ሰው ስልክ ላይ ይኑር።